የእንግዳ ዘር

ደላላውን ኃይለየሱስን ኮርማ ገደለው ተባለ። መርካቶ ወሬ ሲመጣለት «ማን አየ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ቦታ ይለቅለታል እንጂ። ከሶማሌ ተራ ጀርባ ባለው የሐጂ ኢስሀቅ ግቢ በር ላይ በማለዳ የተኮለኮለው ሰው፣ ሬሳው ገና ከበረት ሳይወጣ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። ገዳዩ እንግዳ የሚባለው ኮርማ ነው። ጥፋተኛው ደግሞ ገመዱን ሳያጠብቅ የሄደው ጠባቂው ሳዳም ነው። አለቀ።

ኢንስፔክተር እስከዳር ስትደርስ ሬሳውን ጎትተው አውጥተው በማዳበሪያ ሸፍነውት አገኘች። ራሱ ከኋላ ተፈንክቷል። ኮርማው ጥግ ይዞ ያመነዥካል፤ ገመዱ ተፈትቶ ፍጉ ላይ ተዘርግቷል።

«ኮርማውን ያሰርከው አንተ ነህ?» አለችው ሳዳምን።

ሳዳም ሠላሳን ያለፈ፣ ትከሻው የሰፋ፣ በዚህ ግቢ ያደገ ሰው ነው። ገመዱን አየ፤ ወደ ቤቱ ደጃፍ ቀና አለ፤ ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«አስረኸዋል ወይስ አላሰርከውም?»

ዝም።

እስከዳር በዚያ ጠዋት ቸኩላ ነበር። ዝምታውን እንደ አዎንታ ቆጠረችና አስይዛ ወሰደችው። የተሰበሰበውም «እሰይ» አለ። ሰው ሌላው ሲታሰር ደስ ይለዋል፤ የራሱ እጅ ንጹሕ መሆኑን በዚያ ነው የሚያውቀው።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ዘንድ ሄደች።

«ኮርማ ነው?»

«ኮርማ እንዲህ በጨዋ ደንብ አይገድልም» አላት። «ጎድኑ ደህና፣ ሆዱ ደህና። ከኋላ ጭንቅላቱን የድንጋይ ጠርዝ አግኝቶታል፤ ያ ብቻ ነው።»

«ወዲያው ሞተ?»

«አልሞተም። ቆይቷል። ቶሎ ያነሳው ሰው ቢኖር ምናልባት ይተርፍ ነበር።»

የሟቹን ልብስ ሰጣት። ኮቱ ከብብቱ ሥር ነጭ ሆኖ ደርቋል። በጣቷ ፈቅፍቃ ምላሷ ላይ አሳረፈችው፤ ጨው ነው። ጫማውን ገለበጠችው። ከሶሉ ጋር የፉርሽካ ብናኝ ተጣብቋል፤ ፍግ ግን የለም። የእንግዳ በረት ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ፍግ ነው፤ እሷ ራሷ ጠዋት ሁለት እርምጃ ገብታ ጫማዋን በጆግ ውኃ ስታጥብ ነው የቆየችው። ይህ ሰው በክንፉ ነው የገባው?

ያን ጊዜ ፊቷ ጋለ። ጠዋት ማዳበሪያውን ገልጣ አንድ ጥንድ ጫማ ብታይ ኖሮ የሰው ባል አታስርም ነበር።

ጣቢያ ስትመለስ የሳዳም ሚስት ራህማ ምሳ ዕቃ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሆዷ ገፍቶ ወሯ ገብቷል።

«አልበላም ብሎ መለሰው» አለች።

«ለምን?»

«አፍሮ ነዋ። ሳዳም ሲዋሽ ይንተባተባል። ዝም ካለ ግን ሰው እየሸፈነ ነው። እኔ የማውቀው ይህን ነው፤ እርስዎ የመንግሥት ሰው ነዎት፣ የቀረውን ይፈልጉ።»

«መቼ ነው የምትወልጂው?»

«አባቱ ሲፈታ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን የሚጠብቅ አይመስልም።»

እስከዳር ሰውዬውን ልፈታው ብትል፣ ሰፈሩ «ታዲያ ማን ገደለው?» ይላታል፤ ለዚያ ገና መልስ የላትም። ተመልሳ ወደ ሶማሌ ተራ ወረደች።

ሐጂ ኢስሀቅ እህል በረንዳ ጤፍ ሲያከፋፍሉ ያረጁ ሰው ናቸው። ሰው ከሚዛኑ ይልቅ ቃላቸውን ያምን ነበር ይባላል። ሥራውን ከተዉ ወዲህ በጓሯቸው የቀረው ሁለት ላምና አንድ ኮርማ ነው፤ እሱንም የምታዝበት ሚስታቸው ፈሪዳ ናት። ከአማኑኤል እስከ ሶማሌ ተራ በየጓሮው ላም ያሰረ ሁሉ፣ ላሙ ኮርማ ስትፈልግ የሚነዳው ወደ ፈሪዳ በር ነው።

«እንግዳ ያልነው ከሩቅ ስለመጣ ነው» አሉ ሐጂ። «ከሱ በፊት ሱልጣን የሚባል ነበረን። ወተቱ የተመሰገነ ዘር ነው። እየቆየ ግን የሰፈሩ ጊደር ሁሉ የሱልጣን ልጅ ሆነና፣ ሰው ደሙ ተቀራረበ ማለት ጀመረ። እውነታቸውን ነው። ሱልጣንን ለአረፋ አረድነው፤ ሳዳምም ከሰላሌ ይህን አመጣ። ሰው እንዳይጠራጠር ባዕድ ዘር ነው ብዬ በየበሩ እየዞርኩ ማልኩ።»

«እርስዎ ሰላሌ ሄደው አይተውታል?»

«ጉልበቴ የት ያደርሰኛል? ፈሪዳ ነገረችኝ። ኃይለየሱስም፣ አላህ ይማረውና፣ እሷን አምኖ ለላም ባለቤቶቹ ዋስ ሆነ።»

ፈሪዳ ሻይ ይዛ ገባች። ሙሉ ሴት ናት፤ ስትራመድ ወለሉ የሷ መሆኑን ያውቃል። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ሰጠቻት።

«ልጄ፣ ጠጪ። ከጠዋት ጀምሮ ስትለፊ ነው የዋልሽው።»

እስከዳር ብርጭቆውን አየችው። የወተት ቤት ሻይ ጥቁር ነው።

«ወተት አይጨመርበትም?»

«ላሚቱ ዛሬ ከለከለችን። ግርግሩ አስደንብሯት ነው። ሌላዋ ደግሞ ልትወልድ ስለሆነ ደርቃለች።»

«ትናንት ማታ ኃይለየሱስ መጥቶ ነበር?»

«እኔ አላየሁትም። ሐጂ መስጊድ ነበሩ፤ ሳዳምን ፉርሽካ እንዲያመጣ እህል በረንዳ ልኬዋለሁ። መብራትም ጠፍቶ ነበር። ከበረቱ ገብቶ እንደሆነ እንጃ፤ ወደ ማለቢያው ግን አልመጣም።»

ያልተጠየቀችውን መለሰች። እስከዳር ሻይዋን ፉት አለች።

«ማለቢያውን ልየው?»

ማለቢያው በቆርቆሮ የተከለለ ጠባብ ቤት ነው፤ ደጃፉ ላይ የፍግ ጋሪ ቆሟል። ወለሉ ላይ ፉርሽካ ፈስሶ ተረጋግጧል። ግድግዳው ሥር የድንጋይ ገንዳ አለ፤ ሁሉ ነገር አቧራና ሸረሪት ድር ሆኖ የገንዳው አንዱ ማዕዘን ብቻ ታጥቦ ነጥቷል። ላሚቱ ግቷ ተወጥሮ ቆማለች። ፊት ለፊቷ ጭድ የተሞላ የጥጃ ቆዳ ተደግፎ ቆሟል። ላም ያረባ ሰው ያውቀዋል፤ ጥጃ ሲሞት ቆዳው ተገፎ፣ ጭድ ተጎስሶ፣ ጨው ተቀብቶ በእናቱ ፊት ይቆማል። እሷም ልጇ መስሏት እየላሰች ትታለባለች። ክፉ ማታለል ነው፤ ወተት የለመደ ቤት ግን ሌላ ዘዴ የለውም።

ይህች ላም አትልስም። አንዴ አሸተተች፣ አፍንጫዋን ነፋች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች።

«ጥጃው ምን ሆኖ ሞተ?» አለች እስከዳር። የቆዳው ግንባርና ጀርባው መላጣ ነው፤ እንደ ሕፃን መዳፍ ለስልሷል።

«እንዲሁ ተወለደ፣ እንዲሁ ሞተ» አለች ፈሪዳ። «የአላህ ሥራ ነው።»

«የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል።»

«ዛሬ ጠዋት የበግ ጭንቅላት ለበለብኩ።»

ሬሳ በግቢው በተገኘበት ጠዋት ጭንቅላት የለበለበች ሴት። እስከዳር ይህንንም ዋጠችው።

የሐጂ ልጅ ኢምራን ሶማሌ ተራ የስልክ ዕቃ ይሸጣል። ግቢው ፎቅ እንዲሆን ዘወትር እንደሚጨቃጨቅ፣ «ላሞቹን አንድ ቀን እመርዛቸዋለሁ» ብሎ እንደነበር ጎረቤት ሁሉ ነግሯታል። ጠዋትም ኮርማው አሁኑኑ ይታረድ ብሎ ሲጮህ ሰምታዋለች።

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«መስጊድ። ከአባዬ ጋ።»

«አባትህ ለብቻቸው ነው የሰገዱት።»

ኢምራን የስልክ መሸፈኛዎቹን ያስተካክል ጀመር፤ ሳይዛነፉ።

«ኢምራን፣ ሰው ሞቷል። እኔ የማሳደው ገዳይ ነው፤ ሌላውን ኃጢአትህን ለራስህ ያዘው።»

«ውርርድ ቤት ነበርኩ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መብራት ጠፍቶ ጀኔሬተር እስኪነሳ ጠበቅን። እዚያ የነበሩትን ጠይቂ። እባክሽ ግን አባዬ እንዳይሰሙ። ባይመቱኝም ያዩኛል፤ ያ ነው የሚከፋው።»

ጠየቀች፤ እውነቱን ነው።

እታለም ከሐጂ ግቢ ግንብ ለግንብ የምትጎራበት መበለት ናት። በወተት ነው ልጆቿን ያሳደገችው። ከኃይለየሱስ ጋር በሳምንቱ መጀመሪያ በመንገድ ላይ ተጣልታ፣ «እንደ ጥጆቼ ያድርግህ!» ብላ መርገሟን ያልሰማ የለም።

«ረግሜዋለሁ፣ አልክድም» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ከእንግዳ ያስጠቃኋት ላም ሁሉ የምትወልደው መላጣ ነው። አንዱ ሁለት ቀን፣ አንዱ ሦስት ቀን ኖሮ ይሞታል። ዋስ የሆነኝ እሱ ነው፤ ማንን ልርገም?»

«ሐጂን አልተናገሯቸውም?»

«ሐጂ ደጄ ላይ ቆመው ወላሂ ባዕድ ዘር ነው ብለው ማሉልኝ። ሐጂ ከማሉ በኋላ ማን ምን ይላል? የራሴን ኃጢአት ስቆጥር ከረምኩ። ልጄን ስድር ሰባት ቤት ቆጥሬ ነው። ለላሟ አንድ ቤት አልቆጠርኩ፤ ያ ይሆን እንዴ አልኩ።»

«ላሟ እየታለበች ነው?»

«ዛሬ እምቢ አለች። የጥጃዋ ቆዳ ጠፋ። ውሻ ወስዶት ይሆናል።»

«ጭድ የሞላውን ቆዳ ውሻ በግንብ ላይ አሳልፎ?»

እታለም ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። «እንግዲህ… ውሻ ነው» አለች።

እስከዳር ወደ ጣቢያ ስትመለስ ቲና ለምትባል የእንስሳት ሐኪም ደወለች። ያየችውንና የሰማችውን ነገረቻት።

«መላጣነቱ በደም ውስጥ ተደብቆ የሚሄድ ነገር ነው» አለች ቲና። «ከአባት ብቻ ወይ ከእናት ብቻ ሲመጣ አይታይም። ጥጃው ፀጉሩ ሙሉ ሆኖ ይወለዳል፤ ነገሩን ግን ተሸክሞት ይኖራል። ከሁለቱም ወገን ሲገጥምበት ነው ብቅ የሚለው። አንድ አባት ለአንድ ሰፈር ሲበዛ እንዲህ ነው፤ የተደበቀው ሁሉ ይገጥማል፣ መንጋው ይደክማል። አንድ በሽታ ቢገባ ሁሉንም በአንድ ጎናቸው ያገኛቸዋል።»

«ከሰላሌ የመጣ ኮርማስ ያንኑ ሊይዝ አይችልም?»

«አይሆንም አልልሽም። ግን በሁለት ቤት፣ ደጋግሞ፣ እንዲህ ተመሳስሎ? እኔ ብሆን ያ ኮርማ የማን ልጅ ነው ብዬ እጠይቅ ነበር።»

እስከዳር ሳዳምን አስጠራችው። ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፤ አላያትም።

«ስለ ሬሳው አልጠይቅህም» አለችው። «አገር ልጠይቅህ። ሰላሌ ስትሄድ ጫንጮን በየት በኩል ታገኘዋለህ፤ ከሱሉልታ በፊት ነው በኋላ?»

ሳዳም ግንባሩን አሸ። «በ… በፊት ይመስለኛል።»

«በኋላ ነው። ሰላሌ ሄደህ አታውቅም። ኮርማውን ከየት አመጣኸው?»

ሰውዬው እጆቹን በጉልበቶቹ መሀል ከተተ። እንባው ጫማው ላይ ይወርዳል።

«እናቴ ስትሞት በዚያ ግቢ ነው እህል የበላሁት» አለ። «ሌላ አትጠይቂኝ።»

«ራህማ በር ላይ ቆማለች። ወሯ ገብቷል።»

«አውቃለሁ።»

«ልጅህ፣ ‹ስትታሰር ለምን ዝም አልክ?› ቢልህስ?»

 እስከዳርም አላስጨነቀችውም። የፈለገችውን አግኝታለች፤ ያገኘችውን ግን አልወደደችውም። የሐጂን ሻይ ጠጥታ ነው የሐጂን ቤት የምታፈርሰው።

በማግስቱ ከአስር ሶላት በኋላ ሁሉንም በሐጂ ግቢ ሰበሰበቻቸው። ሐጂ በርጩማ ላይ፣ ፈሪዳ ከጀርባቸው ቆማ፣ ኢምራን ግድግዳ ተደግፎ፣ ራህማ በድንጋይ ላይ ተቀምጣ። እታለም ላሟን እየሳበች እንድትመጣ ተነግሯት፣ አፍራ በሩ ሥር ቆመች። ሁለት ፖሊሶች የማለቢያውን ቤት ይጠብቃሉ።

«ላም ለምስክርነት ስትጠራ ገና አየሁ» አለ ኢምራን።

«ላም መሐላ አታውቅም። ስለዚህም አትዋሽም» አለች እስከዳር። ሐጂ ቀና ብለው አዩዋት፤ እሷም በተናገረችው ተጸጸተች።

«ከሟቹ ልጀምር» አለች። «ኃይለየሱስን ኮርማ አልነካውም። ጫማው ፍግ አልረገጠም። ፉርሽካ ግን ረግጧል። በዚህ ግቢ ፉርሽካ የፈሰሰው ማለቢያው ውስጥ ነው። የሞተው በድንጋይ ጠርዝ ነው። ማለቢያው ውስጥ ያለው የገንዳ ማዕዘን ታጥቧል፤ ማዕዘኑ ብቻ። ሰው ገንዳ ሲያጥብ ሙሉውን ያጥባል፤ ማዕዘን የሚያጥብ፣ ማዕዘኑ ላይ ያለውን የሚያውቅ ነው። ኮቱ ደግሞ ብብቱ ሥር ጨው ነበረበት። ጨው የተቀባ ምን ነገር በብብት ይያዛል?»



«እትዬ እታለም፣ ቆዳውን ውሻ አልወሰደውም።»

እታለም መሬት መሬት አየች። «ለኃይለየሱስ ሰጠሁት» አለች። «ሲመሽ መጣ። መበለት ነኝ፤ ወንድ በምሽት ከቤቴ ወጣ ይባላል ብዬ ነው የደበቅሁት። በአማኑኤል እምላለሁ፣ ሌላ ነገር የለም። ‹የአንቺን ጥጃና የፈሪዳን ጥጃ ጎን ለጎን አድርጌ ላሳያት፤ ዋስ አድርጋኛለች፣ ነገሩን ራሷ ለሐጂ ትናገር› አለኝ።»

«ይዞት መጣ» አለች እስከዳር። «አሁን ማለቢያው ውስጥ ያለው ግን አንድ ቆዳ ነው። ሌላው የት ሄደ? ትናንት ጠዋት በዚህ ግቢ ፀጉር ተቃጥሏል። ሐጂ፣ ትናንት የበግ ጭንቅላት በልተዋል?»

«የምን ጭንቅላት?» አሉ ሐጂ። «ሬሳ በግቢዬ ወጥቶ እኔ ጭንቅላት እበላለሁ?»

ፈሪዳ እጇን በሻሿ ጠቀለለች።

«እንግዲህ አንዱ ተቃጥሏል። የተቃጠለው የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ሰው የለም። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም በግንባራቸውና በጀርባቸው መላጣ፤ ከአንድ ቅርጫት የወጡ እንቁላሎች ናቸው። ቆዳውን አውጡና ላሞቹን አምጡ።»

ቆዳው ከማለቢያው ወጥቶ መሀል ግቢ ቆመ። መጀመሪያ የፈሪዳ ላም ተሳበች። አሸተተች፤ አፍንጫዋን ነፍታ ዞረች። ቀጥሎ እታለም የራሷን ለቀቀቻት። ላሚቱ ሁለት እርምጃ ተራመደችና ቆመች። ከዚያ ከሆዷ የሚወጣ ረጅም ድምፅ አሰማች፤ ሄዳ ያንን መላጣ ግንባር ትልሰው ጀመር። ማንም ግቷን ሳይነካው ወተቱ በራሱ ይንጠባጠብ ጀመር። ራህማ ሆዷን ይዛ ፊቷን አዞረች።

«የእታለም ጥጃ ነው» አለች እስከዳር። «ገዳዩ ሟቹ ያመጣውን ቆዳ ያቃጠለ መስሎት የቤቱን አቃጠለ። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሁለቱ ወለሉ ላይ ወድቀው ነበር። ቢበራም ግን አይለይም። ለምን ቢባል ሁለቱ ጥጆች በእናትም በአባትም ዘመድ ናቸው። ሰውዬው ሊያስረዳ የመጣው ይህንኑ ነበር፤ እንግዳ ባዕድ አይደለም። የሱልጣን ልጅ ነው። የሰፈሩ ላሞች ደግሞ የሱልጣን ሴት ልጆች ናቸው። እህትና ወንድም ሲጠቃቁ ነው የከረሙት።»

ሐጂ ከበርጩማው ተነሱ። «እኔ ምያለሁ» አሉ። «በየበሩ… በአላህ ስም ምያለሁ።»

«እርስዎ ያመኑትን ነው የማሉት፤ በዚያ ማታም መስጊድ ነበሩ። ኢምራን የት እንደነበረ አረጋግጫለሁ። ሳዳም እህል በረንዳ ነበር። ጠዋት ሬሳው ሲገኝ አንድ ነገር ብቻ አወቀ፤ ያሰረው ገመድ ተፈትቷል፣ ቤት የነበረው ደግሞ አንድ ሰው ነው። ለዚያ ነው አንገቱን የደፋው። የፍግ ጋሪ በየቀኑ የምትገፋ፣ የሰው ክብደት የማይከብዳት፣ ላሟ ወተት ስትከለክላት ግርግር ነው ያለች ሴት…»

«በቃ» አለች ፈሪዳ።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ከባሏ ጀርባ ወጥታ መሀል ቆመች።

«ገፋሁት። እንዲሞት ብዬ አይደለም። ንገሪያቸው፣ አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ አለኝ። እጄ ቀደመኝ።»

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?» አሉ ሐጂ።

«ምን ብዬ? ሲምሉ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ እየሰማሁ?» ወደ እሳቸው ልትዞር ሞክራ ተወችው። «ሐጂ ሱቅ ነበራቸው፣ መስጊድ አላቸው። እኔ ያለኝ ያ በር ነው። ሰው ላሙን እየነዳ እትዬ ፈሪዳ ብሎ የሚጠራኝ በሱልጣን ዘር ነው። ጥጃውን በእጄ ነው ያሳደግሁት፤ ሳዳም ወደ ሰበታ ወስዶ እስኪጎለምስ አስቀመጠልኝ። ሰው ባዕድ ነው ካሉት ባዕድ ይሆናል ብዬ ነው። ደም ይህን ያህል ያስታውሳል ብዬ አላሰብኩም።»

«ጋሪው ላይ ጭነው ወደ በረት ሲወስዱት ይተነፍስ ነበር» አለች እስከዳር። ባትጠይቅ ትወድ ነበር፤ ግን ሥራዋ ነው። «ሰምተዋል?»

ፈሪዳ ቀና ብላ አየቻት።

«ሰማሁ።»

እታለም አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሳዳምንስ?» አለች ራህማ ከድንጋዩ ላይ ሳትነሳ። «ታስሮ ሲሄድ አይተውታል።»

«አይናገርም ብዬ ነው። እኔ ነኝ ያሳደግሁት።»

«እንዲታሰርልዎት ነው ያሳደጉት?»

  ከበሩ ውጭ ሻጩ ይጣራል፣ ጋሪ ገፊው «ዞር በሉ!» ይላል፤ መርካቶ ሥራውን ይሠራል።

የፖሊስ መኪና እስከ በሩ መግባት አልቻለም፤ መንገዱ በጭነት ተዘግቷል። በእግር ወጡ። ፈሪዳ በሶማሌ ተራ መሀል ስታልፍ ወሬው ቀድሟታል። እስከዳር ስድብ ጠብቃ ከጎኗ ተጠግታ ነበር። የሰደበ የለም። ነጋዴው ሁሉ በድንገት ሥራ በዛበት፤ አንዱ ጣቃ ይጠቀልላል፣ አንዱ ደረጃ ላይ ወጥቶ መደርደሪያ ያራግፋል፣ አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ የተቆለፈ ሳጥን ይቆልፋል። ሌላ ጊዜ የወደቀ ቁልፍ እንኳ ሳያይ የማያልፍ ገበያ፣ ሴቲቱን እንዳያይ ፊቱን መለሰላት። ለሷ አዝኖ ይሆናል። ወይ የሐጂን ስም አክብሮ። እሷ ግን ቢተፉባት ይሻላት ነበር፤ እርምጃዋ እየቀነሰ፣ ትልቁ ገላዋ እየሟሸሸ ጣቢያው ደረሱ።

ትእዛዙ በስልክ ቀድሞ ስለሄደ ሳዳም ተፈትቶ በሩ ላይ አገኛቸው። ጢሙ አድጎ፣ ቀበቶው ገና በእጁ ነው። ፈሪዳን ሲያይ መጀመሪያ ከመንገዷ ዞር አለ፤ ለታላቅ ሰው እንደሚደረገው። ከዚያ ከልጅነቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እንደሚያደርገው እጇን ሊስም ጎንበስ አለ።

ፈሪዳ ሁለቱንም እጆቿን ሻሿ ሥር ከተተቻቸው።

«ሂድ» አለችው። «ሚስትህ እየመጣች ነው።»

አልሄደም። እንደጎነበሰ ቀረ። እስከዳር በሩን ይዛ ጠበቀቻቸው፤ የምታየው ግን መሬቱን ነበር።